በሩ ጠቆረ፤ ቤቱስ ምን ይልበስ?

በዚህ ገጽ ላይ ብዙውን ጊዜ ስለ አገር ጉዳይ፣ ስለ ኮሚኒቲያችንና ስለ ልጆቻችን አስተዳደግ ይጻፋል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ስለ ቤት የውጭ ቀለም ነው። ነገር ግን ቤት አብዛኞቻችን በዚህ በሰው አገር ከገዛናቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞርጌጅ የምንከፍልበትና ሁለት ፈረቃ የምንሠራለት ንብረት ስለሆነ፣ ስለ መልኩ ጥቂት ብንወያይ ጊዜ ማባከን አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባቸው ሠፈሮች ለሚዘዋወር ሰው አንድ ነገር በግልጽ ይታያል። የፊት በሮች እየጠቆሩ ነው። ቀይ የነበረው፣ አረንጓዴ የነበረው፣ ነጭ የነበረው በር አንድ ቅዳሜ ጥቁር ሆኖ ያመሻል። ጥቁር በር መጥፎ ነው አልልም፤ እንዲያውም በወጉ ከተያዘ ግርማ ሞገስ ያለው በር ነው። ቅሬታዬ ሌላ ነው። በሩ ከጠቆረ በኋላ ግድግዳው፣ የመስኮቱ ክፈፍና የበሩ መቃን ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ሳይታሰብበት ይቀራል። ስለዚህም ወይ ቤቱ በሙሉ እንደ ጎረቤቱ ነጭና ግራጫ ይለቀለቃል፣ ወይ ደግሞ በሩ ብቻውን ጠቁሮ ከቤቱ ጋር ሳይተዋወቅ ይኖራል።

የእኔ አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው። የቤታችንን ቀለም መምረጥ ያለብን ቤቱ ቀድሞውኑ የያዘውን ነገር አይተንና በውስጡ የሚኖረውን ሰው አስበን እንጂ፣ ገና ላልመጣ ገዢ ብለን መሆን የለበትም። ለምን እንደዚህ እንደምል ከዚህ በታች ለመዘርዘር እሞክራለሁ።

ስድስት ሺህ ዶላሩ

ጥቁር በር እንዲህ የተስፋፋበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። የፋሽን ነገር አለበት፤ በቴሌቪዥን የቤት እድሳት ፕሮግራሞች ላይ የሚታየው ነጭ ግድግዳና ጥቁር በር ብዙ ሰው ማርኳል። ከዚህ ሌላ ግን የገንዘብ ወሬም አለ። ዚሎ የተባለው የቤት ሽያጭ ድርጅት በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ጥቁር ወይም የከሰል ግራጫ የፊት በር ያላቸው ቤቶች ከሚጠበቀው ዋጋ 6,271 ዶላር አብልጠው መሸጣቸውን ገልጾ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤት የገዛ ሰው በተገኘበት ሁሉ «በርህን ጥቁር ቀባ፣ ስድስት ሺህ ዶላር ታተርፋለህ» የሚል መካሪ አይጠፋም።

እስቲ ረጋ ብለን እናስበው። አንድን በር ለመቀባት አንድ ኳርት ቀለም ይበቃል። አንድ ኳርት ቀለም ስድስት ሺህ ዶላር የሚወልድ ቢሆን ኖሮ በዚህ አገር ጥቁር ያልሆነ በር ባልተገኘ ነበር። ቁጥሩ የሚነግረን ጥቁር በር ያላቸው ቤቶች በዚያ ዋጋ መሸጣቸውን ነው እንጂ፣ ዋጋውን የጨመረው ቀለሙ መሆኑን አይደለም። በሩን በጊዜው ፋሽን ያስቀባ ሰው ብዙውን ጊዜ አሸንዳውንም ያስጠገነ፣ ኩሽናውንም ያሳደሰ፣ ሣሩንም ያሳጨደ ሰው ነው። ጃንጥላ የያዘ ሰው በበዛበት ቀን ዝናብ ቢዘንብ፣ ዝናቡን ያመጣው ጃንጥላው ነው አይባልም።

ቤቱን በመጪው ጸደይ ለመሸጥ ያሰበ ሰው ይህን ስሌት ቢያሰላ አልፈርድበትም። ልጆቹ ገና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሉና አሥራ አምስት ሃያ ዓመት እዚያው ሊኖር ያቀደ ሰው ግን ስለ ገዢ ምርጫ ምን አስጨነቀው? የውጭ ቀለም እንደ አየሩና እንደ አቀባቡ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ቢቆይ ነው። ገዢው በሚመጣበት ጊዜ ዛሬ የተቀባው ቀለም ተልጦና ደብዝዞ፣ ሌላ ተቀብቶበት፣ ምናልባትም ፋሽኑ ራሱ ተለውጦ ይቆያል። እንግዲህ ላልመጣ ሰው ብለን ራሳችን በማንወደው መልክ ውስጥ ዓመታት መኖር ማለት ነው። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ይመስለኛል።

የእናቶቻችን ቅሬታ

በሌላ በኩል ደግሞ በየቤታችን የሚሰማ ሌላ ክርክር አለ። ከአገር ቤት ልጅ ለማረስ ወይም ለጥየቃ የመጡ እናቶች በሩን ሲያዩ «ምነው ልጄ፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?» ይላሉ። ልጆቹ ይስቃሉ፤ አባትና እናት መሐል ላይ ይቸገራሉ። በእኔ በኩል መሳቅ ተገቢ ነው አልልም። በባሕላችን ጥቁር የሐዘን ልብስ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ጥቁርን በለቅሶ ቤት ያየ ሰው በሩ ላይ ሲያየው ቢደነግጥ አይገርምም።

ይሁን እንጂ በቋንቋችን ጥቁር ሐዘን ብቻ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤታችን የመጣውን፣ ተነሥተን የምንቀበለውንና ከፍ ያለ ቦታ የምንሰጠውን ሰው «ጥቁር እንግዳ» እንለው የለም? ስለዚህ ጥያቄው ጥቁር መሆኑ ላይ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ነገር ላይ ነው። በአመድማ ግድግዳ መካከል፣ መብራት በሌለው ደጃፍ ላይ የቆመ ጥቁር በር በእርግጥም ለቅሶ ቤት ይመስላል። ያው በር በወተት ቀለም መቃን ተከቦ፣ የነሐስ እጀታ ተደርጎለት፣ ከጎኑ ሞቅ ያለ መብራትና አንድ ሁለት የአበባ ማሰሮ ሲቀመጥለት ግን «ግቡ» የሚል በር ይሆናል። እናቶቻችን ያዩት ነገር እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን በሩን መልሶ መላጥ ሳይሆን ቤቱን ማሰናዳት ነው።

መጀመሪያ ቤቱ የያዘውን መቁጠር

ብዙ ሰው ቀለም ለመምረጥ የሚነሣው ከቀለም መደብሩ ነው። ሸርዊን ዊሊያምስ ወይም ቤንጃሚን ሙር መደብር ይገባና በግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ብጫቂ ካርቶኖች መካከል ዐይኑን የሳበውን ያነሣል። በእኔ አስተያየት መነሻው መደብሩ ሳይሆን ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው የእግረኛ መንገድ መሆን አለበት። መንገዱን ተሻግሮ ቆሞ፣ በቀላሉ ሊለወጡ የማይችሉትን ነገሮች አንድ በአንድ መቁጠር ይገባል።

ከእነዚህ ዋናው ጣሪያው ነው። የጣሪያ ሽንግል ብዙ ሺህ ዶላር ስለሚያወጣ ለቀለም ተብሎ አይቀየርም። ጣሪያው ቡናማ ከሆነ ግድግዳው ሞቅ ያለ ቀለም ይፈልጋል፤ የክሬም፣ የስንዴ ወይም የሸክላ ዘር ማለት ነው። ጣሪያው ግራጫ ወይም ጥቁር ከሆነ ግን ምርጫው ሰፋ ይላል፤ በሩም ወዲያው ከላይ ጓደኛ ያገኛል። ሁለተኛው ጡብና ድንጋይ ነው። ሦስተኛው የደረጃው፣ የመተላለፊያውና የአጥሩ ቀለም ነው። ቡናማ ጣሪያ፣ ቀይ ጡብና ቢጫማ ድንጋይ ያለበት ቤት ሦስት ቀለም ይዟል፤ ጥቁሩ በር አራተኛ ይሆናል። እንዲህ ባለው ቤት ላይ አምስተኛና ስድስተኛ ቀለም መጨመር ገበያ ማስመሰል ነው። ባጠቃላይ ከግድግዳው፣ ከክፈፉና ከበሩ ሌላ አራተኛ ቀለም መጨመር የሚገባው በቂ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው።

ጥቁር ሁሉ አንድ አይደለም

ከጥቁር በር ጋር ቀለም ማስማማት ቀላል ነው፣ ጥቁር ከሁሉም ጋር ይሄዳል የሚል አባባል አለ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ጥቁር ቀለም ከሥሩ ሌላ ቃና ይኖረዋል። ሰማያዊ የሚያይልበት ጥቁር አለ፤ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላም አለ። በመደብሩ አምፖል ሥር ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ፀሐይ ላይ ሲወጡ ግን ይለያያሉ። ሰማያዊ ያለበትን ጥቁር ከክሬም ግድግዳ ጋር ሲያደርጉት በሩ ቀዝቃዛ፣ ግድግዳው ደግሞ የቆሸሸ ይመስላል። ወደ ቡናማ የሚያደላው ጥቁር ግን ከክሬም፣ ከሸክላና ከቀይ ጡብ ጋር ይስማማል። ቃና የሌለው ንጹሕ ጥቁር የሚፈልግ ሰው የሸርዊን ዊሊያምሱን ትራይኮርን ብላክ የመሰለውን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ሌላው ማወቅ ያለብን በቀለም ካርዱ ጀርባ ላይ ኤል.አር.ቪ. ተብሎ የሚጻፈውን ቁጥር ነው። ቀለሙ ከሚያርፍበት ብርሃን ምን ያህሉን መልሶ እንደሚያንጸባርቅ የሚያሳይ ሲሆን፣ ከ0 እስከ 100 ይደርሳል። ጥቁር ወደ 0፣ ነጭ ወደ 100 ይጠጋል። ትራይኮርን ብላክ 3 ነው፤ ብዙ ሰው የሚወደው አላባስተር የተባለው ነጭ ደግሞ 82 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ በመሆኑ በሩ ከሩቅ ይጮኻል፤ ይህን የሚወድ ይወደዋል። ረጋ ያለ መልክ የሚፈልግ ሰው ግን በ50ና በ70 መካከል ያለ ግድግዳ ቢመርጥ በሩም ይታያል፣ ዐይንም አይደክምም።

ካርዱ ትንሽ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ቀለምን ታነጣዋለች። ስለዚህ በካርዱ ላይ ልክ የመሰለው ቀለም በሰፊ ግድግዳ ላይ ሲውል ከታሰበው በላይ ይነጣል። በስልክ መስታወት ላይ የታየ ቀለምማ ጨርሶ አይታመንም። የሚያዋጣው የሙከራ ቀለም ገዝቶ ሁለት ጫማ በሁለት ጫማ የሚሆን ሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ መቀባት፣ ሰሌዳውን በጥቁሩ በርና በጡቡ አጠገብ ማቆም፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ማየት ነው። ወደ ሰሜን የሚያይ ቤት ላይ ብርሃኑ ስለሚቀዘቅዝ ግራጫ ቀለም ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ወደ ምዕራብ የሚያይ ቤት ላይ ደግሞ የማታ ፀሐይ ክሬሙን ቢጫ ታደርገዋለች። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ሦስት ቀን መታገሥ የሙሉ ቤት ቀለም ዳግመኛ ከመግዛት ያድናል።

ለየትኛው ቤት የትኛው ቀለም?

ቀይ ጡብ ቤት። በዲሲ፣ በአርሊንግተንና በሲልቨር ስፕሪንግ በብዛት ያለው ይህ ነው። የቀይ ጡብ ቤት ባለቤት ከሁላችን ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ጡቡና ጥቁር በር ከጥንት ጀምሮ ወዳጆች ናቸውና። የሚያስፈልገው ጡቡን እንዳለ ትቶ ክፈፉን መቀባት ብቻ ነው። ክፈፉም ሆስፒታል የሚመስል ደማቅ ነጭ ሳይሆን የወተት ወይም የቅቤ ቃና ያለው ነጭ ቢሆን ጡቡን አያስጮኸውም። በመስኮቱ ግራና ቀኝ ያሉትን መዝጊያዎች፣ የደረጃውን የብረት መደገፊያና የቤቱን ቁጥር ጥቁር ማድረግ በሩን ብቸኛ ከመሆን ያድነዋል።

ጡቡን ነጭ መቀባት የሚለውን ፋሽን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ጡብ ውኃ ይመጣል፣ መልሶም ይተፋል። በተራ የውጭ ቀለም ሲደፈን ርጥበቱ ከውስጥ ይታገትና ክረምት ሲመጣ በረዶ ሆኖ የጡቡን ፊት ሊያፈርስ ይችላል። አንድ ጊዜ የተቀባ ጡብ ወደ ነበረበት መመለስም እጅግ አስቸጋሪና ውድ ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ እንደገና መቀባት ዕዳ ይሆናል። ቀለም የማይጠይቀውን ግድግዳ ቀለም ጠያቂ ማድረግ ማለት ይህ ነው። ግድ ነጭ ይሁን የሚል ሰው ጡቡን ለሚያስተነፍሰው ለኖራ ቅብ ቢያደላ ይሻላል።

ነጭ ቤት። ነጭና ጥቁር ንጹሕና ሥርዓት ያለው መልክ ነው፤ አደጋው መድረቁ ነው። ስለዚህ ነጩ ጥቂት ክሬም ይኑርበት። በረንዳው ላይ የእንጨት ወንበር፣ በሩ ላይ የነሐስ እጀታ፣ ከጎኑ አረንጓዴ ተክል ሲጨመር ይለዝባል።

ግራጫ ቤት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸገረው። ሰማያዊ ያለበት ግራጫ ከጥቁር በር ጋር ሲሆን በተለይ በጥርና በየካቲት ቤቱ ዝናብ ያዘለ ደመና ይመስላል። ግራጫ የሚወድ ሰው ቡናማ የተቀላቀለበትን፣ ሠርገኛ ጤፍ የመሰለውን ይምረጥ። ይህ ቀለም ከቡናማም ከጥቁርም ጣሪያ ጋር ይስማማል፤ ጥቁሩንም በር ያቅፈዋል።

ቢጫና አረንጓዴ ቤት። የቅቤ ቢጫ ከጥቁር በር ጋር ደስ የሚል መልክ አለው፤ ደማቅ የሎሚ ቢጫ ግን ከጥቁር ጋር ሲውል የትራፊክ ምልክት ይመስላል። አረንጓዴም ቢሆን የደረቀ ጤና አዳም ቅጠል የመሰለው ደብዛዛው ዐይነት ከጥቁር በርና ከክሬም ክፈፍ ጋር ሲሆን ከሁሉም ይልቅ ረጋ ያለው ነው፤ ዛፍ ለበዛበት ሠፈርም ይስማማል።

ጥቁር ሰማያዊ ወይም ከሰል ግራጫ ቤት። ግድግዳው ራሱ ጨለማ ከሆነ ጥቁሩ በር ይጠፋል። መፍትሔው መቃኑ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ለንደን የሚገኘው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤት ነው። የዳውኒንግ ስትሪት ቁጥር 10 ጥቁር በር በዓለም ላይ ከታወቁት በሮች አንዱ ነው። የሚገርመው ግድግዳውም ጥቁር መሆኑ ነው። ጡቡ ሲሠራ ቢጫ ነበር፤ የለንደን የከሰል ጭስ ባለፉት ዘመናት አጠቆረው። በ1960ዎቹ ቤቱ ሲታደስ እውነተኛው ቀለም ቢጫ መሆኑ ታወቀ፤ ሆኖም ሕዝቡ የለመደው መልክ እንዳይጠፋ ተብሎ የጸዳው ጡብ ጥቁር ተቀባ። እንዲህም ሆኖ በሩ ከሩቅ ይለያል፤ ምክንያቱም ነጭ መቃን ከቦታል፣ ነጭ ቁጥርና የሚያብረቀርቅ የነሐስ የደብዳቤ ማስገቢያ አለው። ጨለማ ቤት ያለው ሰው ትምህርቱን ከዚያ ይውሰድ፦ ከበሩ በፊት መቃኑን ይቀባ።

የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ የቪኒል ሳይዲንግ ቤት። ብዙዎቻችን የምንኖርበት ታውንሃውስ ይህን የለበሰ ነው፤ ቀለሙም ብዙውን ጊዜ የስንዴ ወይም የአሸዋ ዐይነት ነው። ሰዎች ያረጀ ቀለም ነው ይሉታል። ከጥቁር በር ጋር ግን በጣም ይስማማል። ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ቀለም ሳይሆን ሳሙና፣ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ነው። መቀባት ካስፈለገ ቪኒል ቀድሞ ከነበረው ይበልጥ በጠቆረ ቀለም ከተቀባ ፀሐይ አሙቃው ሊጣመም ስለሚችል፣ ለቪኒል ተብሎ የተሠራ ቀለም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ብሩሽ ከማንሳት በፊት

አሁን ወደማይታለፉት ጉዳዮች ልምጣ። በውበት ብንከራከር እንከራከር፤ እነዚህ ግን ገንዘብና ጤና ናቸው።

አንደኛ፣ ማኅበሩ። ኤች.ኦ.ኤ. በሚባለው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሥር የሚኖር ሰው የፊት በሩን እንኳ ያለፈቃድ መቀባት የማይችልበት ሠፈር ብዙ ነው። ቤቱን ስንገዛ ተፈራርመን በመሳቢያ ውስጥ የከተትነው ወፍራም ጥራዝ ውስጥ የተፈቀዱት ቀለሞች ተዘርዝረው ይገኛሉ። ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቦ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይገባል። «ጎረቤቴ ቀብቶ የለም ወይ?» ማለት ከቅጣት አያድንም። በአሌክሳንድሪያ አሮጌው ከተማ በሚባለው ታሪካዊ ክልል ደግሞ ያልተቀባ ጡብ ለመቀባት የከተማው ቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛና ከሁሉ የሚበልጠው፣ እርሳስ ነው። በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የእርሳስ ቀለም የታገደው በ1978 ነው። በዲሲና በታኮማ ፓርክ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ቤቶች ከዚያ እጅግ የቀደሙ ናቸው። አሮጌውን ቀለም በደረቁ መፋቅና በወረቀት መሞረድ እርሳሱን አቧራ ያደርገዋል፤ አቧራው ደጃፉ ላይ፣ አፈሩ ላይ፣ የልጆች እጅ ላይ ያርፋል። ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ይህ አእምሮን የሚጎዳ መርዝ ነው። ከ2010 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ መሠረት በእነዚህ አሮጌ ቤቶች ላይ ለክፍያ የሚሠራ ቀለም ቀቢ በእርሳስ ጥንቃቄ የሠለጠነና የምስክር ወረቀት ያለው መሆን አለበት። የራሱን መኖሪያ ራሱ የሚቀባ ሰው በደንቡ አይገደድም፤ ነገር ግን ከቤቱ ከፊሉን የሚያከራይ ወይም በቤቱ ሕፃናት የሚጠብቅ ሰው ይገደዳል። ቤዝመንት የምታከራዩና የቤት ውስጥ ዴይኬር የከፈታችሁ እኅቶችና ወንድሞች ይህን ልብ በሉ። ርካሽ ቀለም ቀቢ ማግኘት መልካም ነው፤ ወረቀቱን አለመጠየቅ ግን በልጅ ጤና መቀለድ ነው።

ሦስተኛ፣ ሙቀት። ጥቁር ፀሐይን ይስባል። ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ በሚያይ ጥቁር በር ፊት ስቶርም ዶር የሚባለው የመስታወት ደራቢ በር ካለ፣ በሁለቱ መካከል የሚታገተው ሙቀት ቀለሙን ሊያነሣ፣ የፋይበርግላስ በር ከሆነም ሊያጣምም ይችላል። የበሩን አምራች መመሪያ ሳያዩ ማጥቆር አይገባም። አንጸባራቂ ጥቁር ቀለም ደግሞ በበሩ ላይ ያለውን ጭረትና ጉድጓድ ሁሉ ስለሚያሳይ፣ ላረጀ በር መካከለኛ አንጸባራቂነት ያለው ሳቲን ይመረጣል።

አራተኛ፣ ወጪው። አንድ ጋሎን ቀለም በአንድ ዙር 350 እስከ 400 ካሬ ጫማ ያህል ይሸፍናል፤ ቢያንስ ሁለት ዙር ያስፈልጋል። ግድግዳውን ለክቶ ቁጥሩን ይዞ መደብር የሄደ ሰው ትርፍ ጣሳ አይሸከምም፤ ቀለም ቀቢውም ስንት ጋሎን እንደሚያስፈልግ ሲናገር እውነቱን ያውቃል።

የማን ቤት ነው?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ መነሻዬ ልመለስ። እኛ ከቀለም የተጣላን ሕዝብ አይደለንም። በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረውን ሐረር ጀጎልን ያየ ሰው የጠባብ መንገዶቹን ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ሮዝ ግድግዳዎች አይረሳም። የአዲስ አበባን የቆርቆሮ አጥሮችና በሮች ያስታወሰ ሰው ሁሉም ሰው የየራሱን ቀለም መርጦ ይቀባ እንደነበር ያውቃል። እዚህ አገር ስንመጣ ግን ፈረንጁ ምን ይለኛል፣ ገዢው ምን ይለኛል በሚል ፍራቻ ምርጫችንን ለሰው አሳልፈን እንሰጣለን።

ሐረርን እዚህ እንትከል ማለቴ አይደለም፤ ቤቶቹም አየሩም ሌላ ናቸው። የማኅበር ደንብ ይከበር፣ የጎረቤትም ዐይን ይታሰብ። በዚያ ወሰን ውስጥ ግን ሰፊ ቦታ አለ። ባልና ሚስት፣ ልጆችና አያቶች ሰሌዳውን አቁመው አንድ ቅዳሜ ቢወያዩ፣ የመረጡት ቀለም ከማንኛውም የሽያጭ ጥናት ይልቅ ቤቱን ያሞቀዋል። ልጁ ጥቁሩን በር ወደደ? ይሁንለት። አያት ሐዘን መሰለኝ አሉ? የመቃኑንና የግድግዳውን ቀለም እርሳቸው ይምረጡ። ለቤቱ ሠላሳ ዓመት የሚከፍለው ቤተሰቡ ስለሆነ ምርጫውም የእርሱ ነው።

ወደ አዲስ ቤት የገባን ሰው ስንጎበኝ «ቤት ለእምቦሳ» እንላለን፤ ባለቤቱም «እምቦሳ እሰሩ» ይላል። ምርቃቱ ለሚኖርበት ነው። ቀለሙም ለሚኖርበት ይሁን።

ቸር ይግጠመን።